ጊዜ ያለፈበትን ኮምፒውተር በበጎ አድራጎት መደብር በኩል ለአዲስ ባለቤት ማድረስ፤ በአሜሪካ ለሚኖሩ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ዝማኔ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ፣ አንዳች ብልሽት ሳይኖርባቸው «ጊዜ ያለፈባቸው» የተባሉ ኮምፒውተሮች በየቤቱ ተከማችተዋል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ፣ ከኢንቴል ምርቶችም በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተገዛ ጤነኛ ላፕቶፕ በኩባንያው ደንብ መሠረት ወደ አዲሱ ሥርዓት መሻገር አይችልም። አሜሪካ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ብዙውን ጊዜ መኪና ላይ ይጭንና እንደ ጉድዊል ወይም ሳልቬሽን አርሚ ያለ የበጎ አድራጎት መደብር በር ላይ አራግፎ ይመለሳል። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ነው።

በበጎ አድራጎት መደብር ዕቃ ሞልቷል፤ የሚያጥረው የሰው ጊዜ ነው። ዕቃ ተቀባዩ ሠራተኛ ከልብስ፣ ከሳህንና ከአሻንጉሊት ጋር ተደባልቆ የደረሰውን ላፕቶፕ የሚስማማው ቻርጀር ፈልጎ፣ አስነሥቶና ፈትሾ ለሽያጭ የሚያበቃበት ፋታ እምብዛም አያገኝም። በዚህም የተነሣ የአሥር ዓመት ላፕቶፕ ከቻርጀሩ ጋር፣ ጽድት ብሎና ምንነቱ ተጽፎበት ሲመጣ ገዢ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ሲሆን፣ የሁለት ዓመቱ ደግሞ ያለ ቻርጀርና በባለቤቱ ይለፍ ቃል እንደተቆለፈ ከመጣ ወደ ሪሳይክል ክምር ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

ዕቃውን መለየት

ያለውን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ሶኬት ላይ እየሰኩ ይፈትሹ። የሚነሣውንና እስከ መግቢያ ገጹ የሚደርሰውን ለብቻ፣ የማይነሣውን ለብቻ ያድርጉ። ከሚነሡት መካከል 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ራም ያለው ማንኛውም ማሽን ዊንዶውስ 11ን ባይቀበልም፣ ዊንዶውስን በሚተካው ሊኑክስ በተባለ ነፃ ሥርዓት ለጽሑፍ ሥራ፣ ለኢሜይልና ለቪዲዮ ያገለግላል፤ ስለዚህ ለመደብር የሚሆን ነው። ከዚያ በታች የሆነው ወይ ለመለዋወጫ ወይ ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ የሚሆን ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ከክምሩ ውስጥ የራስዎ ያልሆነውን ያውጡ። የኢንተርኔት ድርጅቶች በወር ኪራይ የሚሰጧቸው ሞደሞችና ራውተሮች የድርጅቶቹ ንብረት ናቸው፤ ለመደብር ቢሰጡ ሂሳቡ በእርስዎ ላይ ይታሰባል። ትምህርት ቤት ለልጆች የሰጠው ክሮምቡክና የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ በርቀት የሚቆጣጠራቸው አስተዳዳሪ ስላላቸው፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ከኢንተርኔት ጋር ሲያገናኛቸው ይቆለፉበታል።

ባትሪውንም በዚሁ ደረጃ ይመልከቱ። የላፕቶፑ መዳሰሻ ወደ ላይ ካበጠ፣ ወይም ክዳኑ ሲዘጋ መሐሉ ካልገጠመ፣ ባትሪው ተነፍቷል ማለት ነውና ቻርጅ ከማድረግ ይቆጠቡ። እንዲህ ያለ ባትሪ የእሳት አደጋ ስለሆነ መደብር አይወሰድም። መወጋትም መጫንም የለበትም፤ የሚወሰደው ካውንቲው የቤት ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ነው።

መደብሩን አስቀድሞ መጠየቅ

ጉድዊል እ.ኤ.አ. በ1902 ቦስተን ውስጥ ኤድጋር ሄልምስ በተባሉ የሜቶዲስት አገልጋይ የተመሠረተ ድርጅት ሲሆን፣ ዛሬ ከ150 የሚበልጡ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦርድ ያላቸው የየአካባቢ ድርጅቶች ጥምረት ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው አንዱ አካባቢ የተቀበለውን ሌላው ሊመልስ ስለሚችል ነው፤ ሜሪላንድ ያለ ዘመድ «ወሰዱልኝ» ያለው ዕቃ ቨርጂኒያ ውስጥ ተቀባይ ያጣ ይሆናል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከዴል ጋር በፈጠረው ትብብር በሚሳተፉ ቅርንጫፎች የየትኛውም ኩባንያ ኮምፒውተር፣ የተበላሸም ቢሆን፣ ሲሰበሰብ ቆይቷል። የሰፈርዎ ቅርንጫፍ ይሳተፍ እንደሆነ ግን በስልክ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከአጠቃላይ መደብሮች ሌላ ሥራቸው ኮምፒውተር ብቻ የሆነ በጎ አድራጊዎችም አሉ። በጣም የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 በኦሪገን፣ ፖርትላንድ የተመሠረተው ፍሪ ጊክ ነው፤ የሚሰጡትን ማሽኖች አድሶ በራሱ መደብር ይሸጣል፣ ለተቸገሩም ይሰጣል፣ የቀረውን ፈታትቶ ለሪሳይክል ያስረክባል። በከተማዎ እንዲህ ያለ ድርጅት ካለ ያስቀድሙት፤ ቴክኒሻን ያለበት ቦታ የተሰጠው ላፕቶፕ ከሹራብና ከማንቆርቆሪያ ጋር ተራ ከሚጠብቀው የተሻለ ዕድል አለው።

ሲደውሉ «ኮምፒውተር ትቀበላላችሁ?» ብቻ ብለው አይዝጉ። ኮምፒውተሩን መደብሩ ራሱ ፈትሾ ይሸጠው ወይስ በቀጥታ ለሪሳይክል ይልከው እንደሆነ፣ ሃርድ ዲስክ የሌለው ማሽን ይወስድ እንደሆነ፣ ፕሪንተርና ሞኒተር ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ። ኮምፒውተር ሁሉ ለሪሳይክል ይሄዳል ካሉዎት ለሚሠራ ላፕቶፕ ሌላ መደብር መፈለግ ይሻላል። ጀርባቸው የወጣውን የድሮ ከባድ ሞኒተሮች በተመለከተ ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ መስታወታቸው በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ ስለሚይዝና ማስወገጃው ገንዘብ ስለሚያስወጣ አብዛኞቹ መደብሮች አይቀበሏቸውም። መንገድ ዳር ማውጣትም መፍትሔ አይደለም፤ ለምሳሌ በኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነዋሪዎች ኮምፒውተርና ሞኒተርን ከቤት ቆሻሻ ጋር እንዳይጥሉ ሕግ ይከለክላል።

የራስን ፋይል ማውጣት

ፎቶግራፍና ሰነድ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በእኛ ቤት ግን አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በጋራ ወደሚለዩበት ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ ይዘጋጅ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የራሳቸው ፎንት በነበራቸው ፕሮግራሞች ነው። የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የእድር መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሔት፣ አባት ያስቀሩት ማስታወሻ በዚያ ዘመን ፎንት ተጽፎ ከሆነ፣ ፋይሉ ብቻውን ተገልብጦ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ስለዚህ አሮጌው ማሽን ገና እየሠራ ሳለ ሰነዶቹን እዚያው ከፍተው ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡ፤ ፒዲኤፉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ፊደሉ መነበቡን ያረጋግጡ፤ የፎንት ፋይሎቹንም አብረው ይገልብጡ። ፒዲኤፍ ማውጣት ካልተቻለ በወረቀት አትሞ ስካን ማድረግም ይበቃል። ይህ ሳይሠራ ወደ መደምሰስ ማለፍ አይገባም።

መረጃን መደምሰስ

ፋይልን ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ጥሎ ባዶ ማድረግም ሆነ ፈጣን ፎርማት ማድረግ መረጃውን አያጠፋውም። የሚጠፋው ፋይሉ የት እንዳለ የሚናገረው ማውጫ ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሼላት 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮችን ገዝተው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ከሚሠሩት 129 ዲስኮች ውስጥ በአግባቡ ተደምስሰው የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ፤ በሌሎቹ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮችና የሕክምና መረጃ ሳይቀር ተገኝተዋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የኢሚግሬሽን ማመልከቻና የግብር ሰነድ የተቀመጠበት የቤት ኮምፒውተር ከዚያ የተለየ አይደለም።

አሠራሩ እንደ ዲስኩ ዓይነት ይለያያል። ውስጡ የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ከሆነ በላዩ ላይ ሙሉ በሙሉ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ይህን ለማድረግ በሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ የሚለውን ገጽ ከፍተው ኮምፒውተሩን ሪሴት የሚያደርገውን ትእዛዝ ይምረጡ፤ ሁሉም ነገር እንዲጠፋ ካዘዙ በኋላ ተጨማሪ ምርጫዎቹ ውስጥ ገብተው «ክሊን ዳታ» የሚለውን ያብሩ። ይህችኛዋ ምርጫ በነባሪ ጠፍታ ስለምትመጣ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። ሥራው ሰዓታት ስለሚፈጅ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሆኖ ሌሊቱን ቢያድር ይመረጣል። ዊንዶውስ የማይነሣ ከሆነ ከፍላሽ ላይ የሚነሡ፣ ዲባን ወይም ኤንዋይፕ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ሰባት ጊዜ ወይም ሠላሳ አምስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል የሚለው ወሬ ለዛሬ ዲስኮች አይሠራም፤ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም መመሪያም አንድ ጊዜ በሙሉ መጻፉን በቂ ያደርገዋል።

የሚሽከረከር አካል የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ግን በዚህ መንገድ አይጠረግም። ይህ ዓይነቱ ዲስክ ሕዋሶቹ እኩል እንዲያረጁ ጽሑፉን ከቦታ ቦታ ስለሚያዘዋውር፣ በላዩ ላይ ሲጻፍ ያልተነኩ ክፍሎች ይቀራሉ። ለእሱ የሚሆነው በኮምፒውተሩ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ወይም ዲስኩን ባመረተው ኩባንያ ፕሮግራም ውስጥ የሚገኘው «ሴኪዩር ኢሬዝ» የተባለው ትእዛዝ ነው። ዲስኩ ከመጀመሪያው አንስቶ በዊንዶውስ ቢትሎከር ወይም በማክ ፋይልቮልት ተመስጥሮ የቆየ ከሆነ ሥራው ይቀልላል፤ በሪሴት ጊዜ ቁልፉ ስለሚጠፋ የቀረው መረጃ ሊነበብ አይችልም።

ጨርሶ የማይነሣ ማሽን፣ ወይም ልብዎ የማያምነው ከሆነ፣ ዲስኩን አውጥቶ ማስቀረት ይቻላል። እዚህ ላይ ሰዎች የሚያጠፉት አንድ ነገር አለ። የላፕቶፕ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በቀጭን የብረት ማቀፊያ ውስጥ በአራት ደቃቃ ብሎኖች ታስሮ ነው የሚቀመጠው፤ ዲስኩን ከነማቀፊያው ይዘው ከቀሩ መደብሩ አዲስ ዲስክ ሊገጥምበት አይችልም። ዲስኩን በካቻቪቴ ፈትተው ማቀፊያውን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ ብሎኖቹን በትንሽ ፌስታል አድርገው ላፕቶፑ ሆድ ላይ በፕላስተር ይለጥፉ።

ራውተር ከሆነ ከጀርባው ያለችውን ቀዳዳ በወረቀት መቆንጠጫ ጫፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመልሱት። ፕሪንተርም የቤትዎን ዋይፋይ ይለፍ ቃል ስለሚይዝ ከምናሌው ይጥረጉት፤ ትልልቅ የቢሮ ኮፒ ማሽኖች ደግሞ የራሳቸው ሃርድ ዲስክ እንዳላቸው አይዘንጉ።

ከአካውንት ማላቀቅ

ዲስክ መደምሰስና ማሽንን ከአካውንት ማላቀቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ማክ ኮምፒውተሮች የጠፋ ዕቃ መፈለጊያው «ፋይንድ ማይ» ሳይዘጋ ከተሰጡ፣ ዲስካቸው ቢጠረግም የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንት ካልገባ አይከፈቱም፤ ይህን ቁልፍ መደብሩ ሊፈታው አይችልም። ከመደምሰስ በፊት ከአይክላውድ ይውጡ። ባዮስ ላይ ይለፍ ቃል ካለም ያጥፉት። ክሮምቡክን «ፓወርዋሽ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሰው፣ እስከ መቼ ዝማኔ እንደሚያገኝ በሴቲንግስ ውስጥ ያለውን ቀን ይመልከቱ፤ ቀኑ ካለፈ ይህንኑ በወረቀቱ ላይ መጻፍ ይገባል።

ሙሉ ማድረግና ወረቀት መለጠፍ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ቻርጀሩን ይፈልጉ። ቤት ውስጥ አምስት የሚመሳሰሉ ቻርጀሮች ካሉ እያንዳንዱ ላይ የተጻፈውን ቮልትና ዋት ከላፕቶፑ ሆድ ጽሑፍ ጋር ያመሳክሩ። ጫፉ ስለገባ ብቻ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የዴል ላፕቶፖች ለምሳሌ የራሳቸውን ቻርጀር በጫፉ መሐል ባለች ቀጭን መርፌ ስለሚለዩ፣ በሌላ ቻርጀር ቢነሡም ባትሪውን ቻርጅ አያደርጉም። የተገኘውን ቻርጀር ከላፕቶፑ ጋር በላስቲክ አስረው በአንድ ግልጽ ከረጢት ውስጥ ያድርጉት፤ በካርቶን ውስጥ ለየብቻ የተጣሉ ዕቃዎች መደብሩ ዘንድ ዳግመኛ አይገናኙም። ለዴስክቶፕ የኃይል ገመዱን፣ ኪቦርዱን፣ ማውሱንና የሞኒተሩን ገመድ አብረው ይስጡ።

ከቻሉ ባዶ ማሽን ከመስጠት ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ጭነውበት ይስጡ። በዚህ ጊዜ «ኦኢኤም» የሚባለውን የአጫጫን ዓይነት ከመረጡ፣ ማሽኑን መጀመሪያ የሚከፍተው ገዢ የራሱን ስምና ይለፍ ቃል ይሞላል። በዊንዶውስ ቢተዉትም፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የወጡ ማሽኖች የፈቃዱን ቁልፍ ባዮሳቸው ውስጥ ይይዛሉ፤ በቀደሙት ላይ ግን የተለጠፈችው የዊንዶውስ ምልክት እንዳትላጥ ጥንቃቄ ያሻታል።

ከዚያም ወረቀቱ። በእንግሊዝኛ፣ በትልልቅ ፊደል ይጻፉ፤ ይዘቱ ይህን ይምሰል፦ «ዴል ላቲቲውድ። ራም 8 ጊጋባይት። ኤስኤስዲ 256 ጊጋባይት፣ በሴኪዩር ኢሬዝ ተደምስሷል። ሊኑክስ ሚንት ተጭኗል፣ ሲከፈት አዲሱ ባለቤት ስሙን ይሞላል። ቻርጀር አለው። ባትሪው አንድ ሰዓት ያህል ይይዛል። በግራ በኩል ያለው ዩኤስቢ አይሠራም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለመደበቅ የሚፈተን ሰው አይጠፋም። ሆኖም ጉድለቱ የተነገረለት ዕቃ በዋጋው ላይ ጥቂት ቀንሶ ይሸጣል፤ ያልተነገረለት ግን ተመላሽ ሆኖ ይመጣና ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ አይወጣም።

ማስረከብና ደረሰኝ

መደብሩ በተዘጋበት ሰዓት በር ላይ ትቶ መሄድ ነውርም ጉዳትም አለው፤ ዝናብ ያበላሸዋል፣ ሌባ ይፈታታዋል፣ ማስወገጃውም በድርጅቱ ላይ ይወድቃል። በሥራ ሰዓት ይሂዱ፤ ኮምፒውተሩን ከልብሱ ለይተው ለሠራተኛው በእጁ ይስጡ፤ ወረቀቱን ያሳዩት።

ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ዋጋውን የሚሞሉት ግን እርስዎ ነዎት። ለፌዴራል ግብር ቅነሳ የሚታሰበው የተገዛበት ዋጋ ሳይሆን ዛሬ እንዲህ ያለው ዕቃ የሚሸጥበት ነው፤ ኤሌክትሮኒክስን ጨምሮ የቤት ዕቃ በጥሩ ይዞታ ላይ መሆን አለበት። አንድ ስጦታ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ከድርጅቱ የተጻፈ ማረጋገጫ፣ በዓመቱ በዕቃ የሰጡት በጠቅላላ ከ500 ዶላር ካለፈ ደግሞ ቅጽ 8283 ያስፈልጋል። ቅነሳዎቻቸውን በዝርዝር የማያቀርቡ ግብር ከፋዮች እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ የተፈቀደላቸው ቅነሳም ለጥሬ ገንዘብ ስጦታ ብቻ እንጂ ለዕቃ አይሆንም። እንግዲህ መደበኛውን ቅነሳ ለሚወስደው ለአብዛኛው ሰው ደረሰኙ የግብር ጥቅም አያመጣም፤ ማስረከብዎን ስለሚያሳይ ግን ያስቀምጡት።

በጣም ያረጁትን በተመለከተ

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64፣ የአይቢኤም ድምፀ ብርቱ ኪቦርዶች፣ የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ፣ የድሮ ፓራለል ገመድ፤ እነዚህ ለቤት ሥራ አይሆኑም፤ ግን በትጋት የሚፈልጓቸው ሰብሳቢዎች አሉ። አሮጌ የፋብሪካ ማሽንን በድሮ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ባለሙያም መለዋወጫ ሲያጣ ወደዚሁ ይመጣል። ችግሩ እንዲህ ያለ ገዢ የሰፈር መደብር በር ላይ በአጋጣሚ አለመገኘቱ ነው። በካሊፎርኒያ የኦሬንጅ ካውንቲ ጉድዊል እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ሾፕጉድዊል የተባለው የጨረታ ድረ ገጽ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሲያስረክቡ ዕቃው ለጨረታ እንዲታይ ይጠይቁ፣ ወረቀቱም ላይ «አሮጌ፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው» ብለው ከነሞዴል ቁጥሩ ይጻፉ። ሠራተኛው ወጣት ከሆነ ኮሞዶርን ኪቦርድ ብቻ መስሎት ሊያልፈው ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ መላክ ይሻላል ወይ ለሚለው

ብዙ ሰው ከመደብር ይልቅ አገር ቤት ላለ ትምህርት ቤት መላክን ያስባል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም የሚሠራውን ካልሠራው ጋር አሽጎ መላክ አይገባም። አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚገዛው የባዝል ዓለም አቀፍ ስምምነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማናቸውንም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለ ተቀባይ አገር የቅድሚያ ፈቃድ ድንበር ማሻገርን ሲገድብ፣ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት፤ የማይሠራ ኮምፒውተርም ከቆሻሻ ይቆጠራል። ከሕጉ ሌላ የኤሌክትሪኩ ነገር አለ። የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ አያስቸግሩም፤ የድሮ ዴስክቶፕ ግን ከጀርባው ያለችው ቀይ ማብሪያ 115 ላይ እንደሆነች አዲስ አበባ በ220 ቮልት ቢሰካ የኃይል ሳጥኑ ወዲያው ይቃጠላል። ተቀባዩ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ካልጠየቀና የሚጠግን ሰው ከሌለው፣ ዕቃውን እዚሁ ለመደብር ሰጥቶ የማጓጓዣውን ገንዘብ መላክ የተሻለ ይመስለኛል።

መደብሩ የማይቀበለው

ከሁሉ ተርፎ የቀረውን፣ ማለትም ከባዱን ሞኒተር፣ የተሰበረውን ፕሪንተርና የሞተውን ላፕቶፕ፣ ወደ ካውንቲው የማስተላለፊያ ጣቢያ ይውሰዱ፤ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለምሳሌ ሼዲ ግሮቭ ያለው ጣቢያ ኤሌክትሮኒክስ ይቀበላል። ቤስት ባይና ስቴፕልስም ብዙ ዓይነት ዕቃ ይወስዳሉ፤ ለሞኒተር ክፍያ መኖር አለመኖሩን ግን አስቀድመው ያጣሩ። የግል ሪሳይክል ድርጅት ከመረጡ «አር2» ወይም «ኢ-ስቱዋርድስ» የሚባል የምስክር ወረቀት እንዳለው ይጠይቁ፤ ዕቃው ተጭኖ ባሕር ማዶ እንዳይጣል የሚቆጣጠሩት እነዚህ ናቸው። ሃርድ ዲስክ የሚያስረክቡ ከሆነ የመደምሰስ ማረጋገጫ እንዲሰጡዎት፣ በማረጋገጫውም ላይ የዲስኩ መለያ ቁጥር እንዲሰፍር ይጠይቁ።